አብረው የሚተኑ ሰዎች

መቀላቀል ለሰው ልጅ ይቀናዋል፤ መለየት ግን መሣሪያ ይጠይቃል። ፍሬን ከገለባ ለመለየት ነፋስና መንሽ አለ፤ ዱቄትን ከእብቁ ለመለየት ወንፊት አለ፤ ጠላን ከአተላው ለመለየት ማጥለያ አለ፤ ስንዴን ከእንክርዳድ ለመለየት ደግሞ ሰፌድና ጥሩ ዓይን፣ በተጨማሪም ወሬ የማያልቅባት ጎረቤት ከተገኘች ይበቃል። ስኳሩን ከሻዩ መልሳችሁ አውጡ ብትባሉ ግን ቆም ትላላችሁ። አያችሁ፣ የተቀላቀለ ነገር ሁሉ በአንድ ዓይነት መንገድ አልተቀላቀለም። አንዳንዱ ጎን ለጎን ቆሞ ነው፤ አንዳንዱ ተቃቅፎ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ እየተገፋፋ ነው። ጉድ የሚያፈላው ይሄ የመጨረሻው ነው።

እኔ ከትምህርት ቤት የወጣሁት ከአሥረኛ ክፍል ነው፤ ኬሚስትሪ ግን ከእኔ አልወጣችም። ጎንደር ፒያሳ መንገድ ዳር ከሚዘረጉ አሮጌ መጻሕፍት መካከል ሽፋኑ የጠፋ አንድ የኬሚስትሪ መጽሐፍ ገዛሁና፣ አዘዞ በምሠራበት ወፍጮ ቤት ገጹ ዱቄት ጠግቦ እስኪነጣ ድረስ አነበብኩት። የገባኝን ነገር ለሰው ካላስረዳሁ ምግብ አይረጋልኝም። እህል ሊያስፈጩ የሚመጡት እናቶች ‹‹መጀመሪያ ፍጭልን፣ ትምህርቱ ይደርሳል›› ይሉኛል። እናንተ ግን እህል ስላልያዛችሁ ታገሡኝ።

መጽሐፉ ስለ ፈሳሾች ሲያወራ የሚጀምረው ከጨዋዎቹ ነው። ሁለት ፈሳሾች ሲቀላቀሉ አንዱ ለሌላው ልክ እንደ ገዛ ወገኑ ከሆነለት፣ ሳይስበውም ሳይገፋውም አብሮት ከተቀመጠ፣ ‹‹አይዲያል ሶሉሽን›› ይባላል፤ እኔ ፍጹም ድብልቅ እለዋለሁ። ሲገናኙ አይሞቁም፣ አይቀዘቅዙም፤ አንድ ሊትርና አንድ ሊትር ሁለት ሊትር ይሆናል፤ ወደ እንፋሎቱም እያንዳንዳቸው በድርሻቸው ልክ ይወጣሉ። በዓለም ላይ ብዙ የሉም። ቅዳሜ ገበያ ግን ሁለት አውቃለሁ፤ ሐጂ ሰይድና ጋሽ ኑሩ። ከአባቶቻቸው በወረሱት አንድ የጨርቅ ሱቅ ውስጥ ፀጉራቸው እስኪሸብት ሲነግዱ አንዱ በሌላው ላይ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ የሰማ የለም። አንድ ቀን ልጆቻቸው ስለደረሱ ሱቁን ለሁለት እንክፈለው ተባባሉ። ጣቃው ለአንዱ፣ ክርና አዝራሩ ለአንዱ፤ ዱዓ አደረጉ፣ ሻይ ጠጡ፣ ለዐሥር ሶላት ጎን ለጎን ቆሙ። በቃ። ይህን ያህል ጨርቅ ሲከፋፈል አንድ እንኳ አልተቀደደም።

መጽሐፉም የሚለው ይህንኑ ነው፤ ፍጹም ድብልቅን በእሳት እየለያችሁ ብትሄዱ ሁለቱንም ንጹሕ አድርጋችሁ ታገኟቸዋላችሁ። በፍጹም የሚስማሙ በፍጹም ይለያያሉ።

አሁን ወደ እነዚያ ወደሚገፋፉት እንሂድ።

ፀዳ ውስጥ የተከራየሁባት ክፍል በእትዬ ትርንጎና በባላቸው በአያ ሞላ ግቢ ውስጥ ናት። ሁለቱም አረቄ አውጪዎች ናቸው፤ የሚታወቁትም በዳግም ነው። ዳግምን የማያውቅ የአገሬ ሰው ባይኖርም፣ ማስረዳት እወዳለሁ ብያችኋለሁና ላስረዳ። በጌሾና በብቅል ተጠንስሶ የዳጉሳ ቂጣ ገብቶበት የሰነበተው ድፍድፍ በትልቅ ማሰሮ እሳት ላይ ይጣዳል። አፉ በጭቃ ይመረጋል፤ ከአንገቱ መቃ ይወጣና ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደ ተቀመጠ ገንቦ ይወርዳል። ከድፍድፉ ውስጥ አልኮሉ ለመትነን ከውሃው ይልቅ ይቸኩላል፤ እንፋሎቱ በመቃው ሄዶ ቀዝቀዝ ሲል ጠብ ጠብ ይላል። ይሄ ተራ አረቄ ነው። ተራውን መልሶ ማሰሮ ውስጥ ከቶ እንደገና ማውጣት ደግሞ ዳግም ይባላል፤ በዚህኛው ዙር ብዙው ውሃ ወደ ኋላ ይቀራልና ይበረታል። እግረ መንገዴን ልንገራችሁ፤ መጽሐፌ ውሃ በመቶ ዲግሪ ይፈላል ይላል፤ ጎንደር ግን ደጋ ስለሆነ ዘጠና ሦስት ገደማ ላይ ይፈላል። መጽሐፉ ባሕር ዳርቻ ተቀምጦ የተጻፈ ነው።

ታዲያ ዳግሙን ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ አሥረኛ ጊዜ ብናወጣው ውሃ የሚባል ያልነካው ንጹሕ አልኮል እናገኛለን? አናገኝም። ከመቶው ዘጠና አምስቱ፣ ቢበዛ ዘጠና ስድስቱ አልኮል ሲሆን ነገሩ ቀጥ ይላል። (የእትዬ ትርንጎ ማሰሮ እዚያ አይደርስም፤ እዚያ ለመድረስ የፋብሪካ ረጅም ማማ ያስፈልጋል።) ከዚያ በኋላ ብትጥዱት ብታወርዱት፣ ወደ ላይ የሚወጣው እንፋሎት ታች ከቀረው ፈሳሽ ጋር አንድ ነው። ይህን መሳዩን ድብልቅ መጽሐፉ ‹‹አዚዮትሮፕ›› ይለዋል።

የሚገርማችሁ ምክንያቱ ነው። ፍቅር ይመስላችኋል፤ አይደለም። እርግጥ አልኮልና ውሃ መጀመሪያ ሲገናኙ ይሞቃሉ፤ ይጠጋጋሉም፤ አንድ ብርጭቆ አልኮልና አንድ ብርጭቆ ውሃ ሁለት ብርጭቆ አይሞሉም። ሠርግ ነው በሉት። ውለው ሲያድሩ ግን እያንዳንዱ ከባዕዱ ይልቅ ወገኑን መጠጋት ያምረዋልና መገፋፋት ይመጣል። የተገፋ ደግሞ ለመውጣት ይቸኩላል። ስለዚህ በዚያች ልክ ሲቀላቀሉ፣ ሁለቱም ለየብቻቸው ከሚፈሉበት ባነሰ ሙቀት ይፈላሉ። በትንሽ ነገር ቱግ ይላሉ ማለት ነው። ግን ቱግ የሚሉት አብረው ነው። በር ላይ ሲገፋፉ ሁለቱም አንድ ላይ ይወጣሉ።

ይህን ሳነብ በመስኮቴ በኩል የሚመጣውን ድምፅ እየሰማሁ ነበር።

‹‹አንተ ሰውዬ፣ አረቄ ነው የምታወጣው ወይስ ደመራ ነው የምትለኩሰው?››

‹‹አንቺ ሴትዮ፣ በዚህ እሳትሽ እንኳን አረቄ እንቁላልም አይሞቅ።››

የእትዬ ትርንጎና የአያ ሞላ ጠብ በማገዶ ነው። አያ ሞላ ይማግዳሉ፤ እትዬ ትርንጎ ይጎትታሉ። እሳት ሲበዛ ድፍድፉ ይገነፍላል፤ ሲያንስ አረቄው አይወርድም፤ ከሁለቱ መካከል ያለችውን ልክ የሚያገኟት አንዳቸው ሲጨምሩና አንዳቸው ሲያወጡ ነበር። እኔ ይህን እንደ ጠብ አልቆጥረውም ነበር። ድምፁ ሲጠፋ ነበር ዕቃ የጎደለ የሚመስለኝ።

በኋላ ግን እውነተኛው ጠብ መጣ። የእትዬ ትርንጎ ወንድም አምባ ጊዮርጊስ ላይ ሴት ልጁን ሊድር ነው፤ አረቄው ከአክስቷ ቤት እንዲሄድ ተነግሯል። ከድፍድፉ ተራውን በሚያወጡበት ቀን እትዬ ትርንጎ ለቅሶ ደርሰው እስኪመለሱ አያ ሞላ ብቻቸውን ቀሩና፣ እንደ ልባቸው ማገዱ። ድፍድፉ ገንፍሎ በመቃው በኩል ጥርግ ብሎ ወጣ። እንደ ምንጭ መጥራት የነበረበት ነገር ጎርፍ መሰለ፤ ሌላ ለመጥመቅ ደግሞ ቀን የለም። ለሠርጉ የሰው አረቄ ተገዝቶ ሄደ።

እትዬ ትርንጎ አልጮኹም። እኔን ያስፈራኝ ይሄ ነበር። ከሠርጉ እንደተመለሱ የነጠላቸውን አቧራ አራግፈው፣ ቀስ ብለው፣ ‹‹በወንድሜ ድግስ፣ በዘመድ ፊት፣ የሰው አረቄ አስቀዳኸኝ›› አሉ። ‹‹እንግዲህ ሰማኒያዬ ይፍረስ። ሽማግሌ ይጠራ።›› ሰማኒያ ማለት በእኩልነት ተፈራርመው የተጋቡበት ውል ነው፤ ከፈረሰ ቤቱም ንብረቱም ለሁለት ይሰነጠቃል።

አያ ሞላም ልባቸው ሲወርድ አየሁ፤ አፋቸው ግን ‹‹ይጠራ›› አለ።

ሽማግሌዎቹ መጡ። መሪያቸው አያ ቢተው የሚባሉ የሰፈሩ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ብዙ ጠብ አብርደዋል፣ ማብረድ ያልቻሉትንም በወጉ አለያይተዋል። አያ ቢተው የታወቁበት ሥራ አላቸው፤ ባልን ለብቻ፣ ሚስትን ለብቻ ገለል አድርገው ያናግራሉ። ለየብቻ ሲሆን ሰው የልቡን ይተነፍሳል ይላሉ፤ ከተነፈሰው ውስጥ ጥፋተኛው ይለያል። ከክፍሌ ጀርባ ባለች ጥግ ላይ ነበር የሚያናግሩት፤ የእኔ ግድግዳ ደግሞ የጭቃ ነው፤ ምስጢር አያቆምም።

መጀመሪያ አያ ሞላ ገቡ። ‹‹ጥፋቱ ያለ ልክ መማገዴ ነው›› አሉ። ‹‹ግን የሷም ምላስ እሳት ነው። ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ ያለሷ እሳቱን አላውቅበትም።››

ቀጥሎ እትዬ ትርንጎ ገቡ። ‹‹ጥፋቱ ያለ ልክ መማገዱ ነው። ግን የኔም ምላስ እሳት ነው። ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ ያለ እሱ እሳቱን አላነደውም።››

‹‹ምነው›› አሉ አያ ቢተው፣ ‹‹ተማክራችሁ ነው የመጣችሁት?››

‹‹ከማን ጋር? ከዚያ ሰውዬ ጋር?›› አሉ እትዬ ትርንጎ። ‹‹እኔ እሱን ማናገር ከተውኩ ሰነበትኩ።››

ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል የሚባለው ለካ ይሄ ነው። ወደ ላይ የወጣውና ታች የቀረው አንድ! መጽሐፌን ይዤ ሮጥኩና አያ ቢተውን የግቢው በር ላይ ደረስኩባቸው።

‹‹አያ፣ እነዚህ ሰዎች አዚዮትሮፕ ናቸው።››

‹‹ምንድን ነው እሱ፣ በሽታ ነው?››

‹‹አይደለም፤ በእሳት የማይለይ ድብልቅ ነው። ቢያፈሏቸው አብረው ነው የሚወጡት።››

አያ ቢተው ከዘራቸውን ተደግፈው አዩኝ። ‹‹ወፍጮ ቤት ነው አይደል የምትሠራ?››

‹‹አዎ።››

‹‹እሺ፤ በእሳት ካልተለየ በምን ይለያል?››

እንዲህ ተጠይቄ የማላውቅ ሰው ነኝና ደስታዬ ወሰን አጣ። ‹‹በሁለት መንገድ ነው አያ። አንደኛው፣ ሦስተኛ ነገር መሐላቸው መጨመር ነው። ተቃጥሎ ውሃ ያልነካው ኖራ ብንጨምርበት፣ ኖራው ውሃውን ጠጥቶ ይይዘውና አልኮሉ ብቻውን ይወጣል። ሁለተኛው የአየሩን ግፊት መቀነስ ነው። ግፊቱ ሲቀንስ መጣበቃቸው ይላላል።››

‹‹ግፊቱ የሚቀንሰው የት ነው?››

‹‹ከፍ ያለ ቦታ ላይ።››

‹‹አምባ ጊዮርጊስ ከፍ ያለ ነው›› አሉና ሄዱ። ተራራ ብቻ አይበቃም፣ አየሩ ከሞላ ጎደል ተሟጥጦ ማለቅ አለበት፣ አምባ ጊዮርጊስ ደግሞ ምንም ቢሆን አየር አለው ብዬ ከኋላቸው ተጣራሁ። አልሰሙኝም፤ ሽማግሌ የሚፈልገውን ከሰማ በኋላ ጆሮው ይደክማል።

በነጋታው ተፈረደ። እትዬ ትርንጎ እስከሚቀጥለው ቀጠሮ ድረስ ወንድማቸው ዘንድ አምባ ጊዮርጊስ ይቀመጡ፤ ሁለቱም ለየብቻ ልባቸውን ያድምጡ፤ ከዚያ በኋላ ‹‹ይፍረስ›› ካሉ ይፈርሳል።

ሄዱ። ግቢው ጸጥ አለ። አያ ሞላ ማሰሮ ጥደው እንደ ሙሽራ እየተሽኮረመሙ አንድ አንድ እንጨት ይጨምራሉ፤ ያወጣሉ፤ መልሰው ይጨምራሉ። አንድ ቀን ጠሩኝና፣ ‹‹እስኪ አንተ ልጅ፣ እዚህ ቁምና ጩህብኝ›› አሉኝ።

‹‹ምን ብዬ አያ?››

‹‹ምን ብዬ ይለኛል። የሚጮህብኝ ከሌለ እሳቱ ልኩን ይለፍ አይለፍ በምን አውቃለሁ?››

ሞከርኩ። ‹‹ትንሽ በዛ መሰለኝ›› አልኩ። አያ ሞላ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ‹‹ይሄ ጩኸት አይባልም።››

ከአምባ ጊዮርጊስ የሚመጡ የአውቶቡስ ረዳቶች መልእክት ማመላለስ ጀመሩ። ‹‹ለዚያ ሰውዬ ማገዶ ቀንስ በሉልኝ ብለዋል።›› ‹‹ለዚያች ሴትዮ ማን ጠየቀሽ በሉልኝ፤ ደግሞ ቀንሻለሁ በሏት።›› ‹‹ውሃው ሲሞቅ ይቀይር፣ ገንቦው ይቀዝቅዝ ብለዋል።›› ‹‹እሱንማ አውቃለሁ በሏት›› ይሉና ረዳቱ ዘወር ሲል ሮጠው ውሃውን ይቀይራሉ።

ሆኖም እልህ የሚሉት ነገር አለ። የቀጠሮው ቀን ሲደርስ እትዬ ትርንጎ መጥተው አግዳሚው አንድ ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ አያ ሞላ ሌላው ጫፍ ላይ። ‹‹ቃላችሁ?›› ተባሉ። እትዬ ትርንጎ ከባላቸው ቀድመው እንደማይመለሱ ምለዋል፤ አያ ሞላም ከሚስታቸው። ‹‹ይፍረስ›› አሉ እትዬ ትርንጎ መሬት መሬት እያዩ። ‹‹ካለች ይፍረስ›› አሉ አያ ሞላ ሰማይ ሰማይ እያዩ። ሳያስቡት የተናገሩትን ቃል የሚመልስላቸው ሰው የሚጠብቁ መሰሉኝ፤ ማንም አልመለሰላቸውም።

ክፍፍሉ ተጀመረ። መጀመሪያ ግቢው። ገመድ ከአጥር እስከ አጥር ተወጠረ፤ ልኩ ሲወጣ በእኔ በር ገብቶ በአልጋዬ ላይ አልፎ በመስኮቴ ወጣ። ከወገቤ በላይ የእትዬ ትርንጎ፣ ከወገቤ በታች የአያ ሞላ ተከራይ ሆንኩ። ቀጥሎ ማውጫው። ማሰሮው ለሚስት፣ መቃው ለባል ተባለ። ማሰሮ ያለ መቃ ምን ያደርጋል ብሎ የጠየቀ የለም፤ እኔ አፌን ስከፍት ከሽማግሌዎቹ አንዱ ‹‹ኖራ ልትል ነው?›› አለኝና ዘጋሁት።

የቀረው ጓዳ ያለው የአረቄ ገንቦ ነበር፤ አያ ሞላ ብቻቸውን ሆነው በጭንቅ ያወጡት። ዳግም ከሆነ አከፋፈሉ ሌላ ነው፣ ተራ ከሆነ ሌላ ነው፤ ስለዚህ አያ ቢተው መለኪያ አስቀድተው ቀመሱ። ከንፈራቸውን መጠጥ አደረጉ። ደግመው ቀመሱ።

‹‹ተራ ነው›› አሉ።

እግዚአብሔር ያሳያችሁ። አግዳሚው ከሁለቱም ጫፍ በአንድ ጊዜ ስለተለቀቀ መሐል የነበረው ሽማግሌ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

‹‹ምን አሉ?›› አሉ አያ ሞላ።

‹‹ተራ አሉን?›› አሉ እትዬ ትርንጎ። ‹‹አሉን›› ነው ያሉት፤ ‹‹አሉት›› አላሉም። እሳቸው ያላወጡት አረቄ መሆኑን ያስታወሱ አይመስለኝም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ያለ ንግግር ነው። አያ ሞላ ከገንቦው ቀድተው የማሰሮ ክዳን ላይ ጠብ አደረጉ። እትዬ ትርንጎ ከወገባቸው ክብሪት አውጥተው ጫሩ። ሰማያዊ ነበልባል ያለ ጭስ ተነሣ፤ አያ ቢተው ጎንበስ ብለው ሊያዩ ሲሉ የጺማቸው ጫፍ ተለብልቦ ሸተተ። ነበልባሉ ሲያልቅ ክዳኑ ላይ እርጥበት ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ተራ ቢሆን ብዙ ውሃ ይተርፍ ነበር።

‹‹ይሄ ነው ተራ?›› አሉ አያ ሞላ።

‹‹የሌላውን ቤት አረቄ ለምደውት ነው›› አሉ እትዬ ትርንጎ ለባላቸው፣ ሽማግሌው እዚያ እንደሌሉ ሁሉ። ‹‹ምላሱ የሞተ ሰው ነው አሉ ንብረት የሚለይልን?››

‹‹እኔ እኮ መጀመሪያም አልወደድኩትም።››

‹‹አንተማ መቼ ሰው ታውቃለህ፤ እኔ ነኝ የጠራሁት። በል ገመዱን ጠቅልልላቸው።››

አያ ሞላ ገመዱን በእኔ መስኮት ስበው ጠቅልለው ለአያ ቢተው አስታቀፏቸው። ሽማግሌዎቹ ተከታትለው ወጡ። አያ ቢተው በበሩ ሲያልፉ ጺማቸውን እየዳሰሱ ወደ እኔ ዞሩና፣ ‹‹ሦስተኛ ነገር ቢገባ ይለያያሉ አላልክም?›› አሉኝ። ‹‹ሦስተኛው ሁሉ ኖራ አይሆንም አያ›› አልኳቸው። እውነቴን ነው፤ አንዳንድ ሦስተኛ ሁለቱን ይበልጥ ያጣብቃቸዋል።

ሽማግሌ በሌለበት ግቢ ውስጥ ሁለቱ ተያዩ። እትዬ ትርንጎ ወደ ማሰሮው ሄደው መቃውን መለሱበት፤ አያ ሞላ ጭቃ አቦኩ። ይቅርታ የሚባል ቃል አልሰማሁም። ‹‹አጥብቀህ ምረገው›› የሚል ሰማሁ፤ ‹‹እጅሽን አንሺልኝ›› የሚልም ሰማሁ።

ያኔ ዝም ብል ምን ነበረበት? ግን እንዲህ ያለ ነገር ዓይኔ ሥር ሆኖ እንዴት ዝም ይባላል። ቁጢጥ ብዬ ተቀመጥኩና ሁሉንም አስረዳኋቸው፤ እንዴት እንደሚገፋፉ፣ ስለሚገፋፉ እንዴት ቶሎ እንደሚፈሉ፣ ሲፈሉ እንዴት አብረው እንደሚወጡ፣ ከዚያች ልክ ከደረሱ በኋላ የትኛውም እሳት እንደማይለያቸው። እትዬ ትርንጎ ጭቃ በያዘ እጃቸው አገጫቸውን ደግፈው አዳመጡኝ። አያ ሞላ ሁለት ጊዜ ‹‹ሸጋ›› አሉ። በሕይወቴ እንደዚያ የተደመጥኩበት ቀን የለም።

‹‹ያቺን ልክ ስንት ነበር ያልካት ልጄ›› አሉ እትዬ ትርንጎ። ‹‹ዘጠና አምስት እጅ አልኮል፣ አምስት እጅ ውሃ አልክ?››

‹‹አዎ እትዬ።››

‹‹ታዲያ ከሁለታችን ውሃው ማነው?››

መጽሐፌን ማገላበጥ ጀመርኩ።

‹‹ይሄማ ምን ይጠየቃል›› አሉ አያ ሞላ ፈገግ ብለው። ‹‹ቶሎ የምፈላው እኔ አይደለሁም? አልኮሉ እኔ ነኝ።››

‹‹አንተ?›› አሉ እትዬ ትርንጎ ቀና ብለው። ‹‹አንተ ዘጠና አምስት፣ እኔ አምስት?››

‹‹ልጁ ነው እንጂ እኔ መቼ አልኩ።››

ሁለቱም እኩል ወደ እኔ ዞሩ። ለዚህ ጥያቄ ሳይንስ መልስ ይኖረው ይሆናል። ተከራይ ግን የለውም።